ጾመኛ የተባለችው የሸህ ሙስባህ ድመት

አላህ ይዘንላቸውና፣ የጨው ነጋዴዎች ከሩቅ መጥተው በሚያድሩባት በአንዲት የድሮ ከተማ ሸህ ሙስባህ የሚባሉ አዛውንት ዓሊም ይኖሩ ነበር። የከተማዋን ስም አልጠቅስም፤ ብጠቅስ ድመቷ የእኛ ሰፈር ነበረች የሚሉ ሰዎች መጣላታቸው አይቀርም። ሸህ ሙስባህ የመስጊዱ ኢማም ነበሩ፤ በቤታቸውም ቁርኣን ያቀሩ ነበር። ሌላው መምህር ተስፋ የቆረጠበት ደረሳ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ደጅ ነበር። እሳቸውም ተማሪ መልሰው አያውቁም።

በአንድ ዓመት፣ ረመዷን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከመስጊዱ የዉዱእ ማድረጊያ አጠገብ እናቷ የጠፋችባት ግልገል ድመት አገኙ። ሰውነቷ ጥቁር፣ አናቷ ነጭ ስለነበር ሻሽ ያሰረች ትመስል ነበርና ሻሼ አሏት። በኩታቸው ጠቅልለው ወደ ቤት ሲያስገቧት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሂባ አይጥ ትይዝ እንደሆነ ጠየቁ። ሸህም ኢንሻአላህ ስታድግ ትይዛለች አሉ። አድጋም አልያዘችም፤ ይህ ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ሻሼ በገባች ሰሞን ቤቱን ገለባበጠችው። የሸህን ጥምጣም እየጎተተች ፈታችው፤ መቁጠሪያቸውን በጥሳ ፍሬውን በየጥጉ በተነችው። ሸህ ሱጁድ ሲወርዱ ጀርባቸው ላይ ወጥታ ትተኛለች። እሳቸውም እንዳትወድቅ እያሉ ሱጁዳቸውን ያስረዝሙት ስለነበር፣ ከኋላቸው የሚሰግዱት ወይዘሮ ሙሂባ ጉልበታቸውን እያሻሹ መነሳት ጀመሩ። ለመጸዳጃዋ በሰባራ ገንቦ አመድ ሞልተው ጥግ አስቀመጡላት። ወደዚያ እየወሰዱ እግሯን አመዱ ላይ እያስጫሩ ሲያስለምዷት ይህን ቶሎ ተማረች።

ያስቸገረው የምግብ ነገር ነበር። ማዕድ ሲቀርብ ሻሼ ከባለቤቱም ከእንግዳውም ቀድማ ወጡ ውስጥ ትገባለች። ወይዘሮ ሙሂባ አርጩሜ አመጡ፤ ሸህ ግን አልተቀበሏቸውም። ቁራጭ ሥጋ ከፊቷ ያስቀምጡና፣ ልትነጥቅ ስትል በመዳፋቸው ይሸፍኑታል። ስትረጋ ይገልጡታል፣ ስትዘል መልሰው ይሸፍኑታል። አርፋ ተቀምጣ ስትጠብቅ ብቻ "ቢስሚላህ" ብለው ይለቁላታል። ወይዘሮ ሙሂባ ይህን ሲያዩ ከረሙና አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ሸሆች፣ ለወንድሜ ልጅ አሊፍን ሲያስተምሩት እንኳ እንዲህ አልታገሡትም።"

"የወንድምሽ ልጅ አሊፍን ሊበላት አልሞከረም" አሉ ሸህ።

ሻሼ በመጨረሻ ገባት። ከዚያ በኋላ ያቺን ቃል ካልሰማች ጉበት እንኳ ቢቀርብላት አትነካም፤ ቁጭ ብላ የሰው ፊት ታያለች።

ረመዷን ገባ። በሸህ ቤት ቀን ምድጃ አይነድምና ሻሼም የምትበላው እንደ ሰዉ በስሑርና በማፍጠሪያ ሰዓት ሆነ። አንድ ቀን በቀትር፣ ለማፍጠሪያ ሥጋ የምትከትፍ ጎረቤት ቁራጭ ወረወረችላት። ሻሼ ሥጋውን ሸተተች፣ ከፊቱ ቁጭ አለች፣ ሴትዮዋን ቀና ብላ አየች፤ አልበላችም። ማታ መግሪብ ሲደርስ ደግሞ በሸህ ቤት ማዕድ ላይ ስትበላ ታየች። ሴትዮዋም ጊዜ አላጠፋችም፤ በማግስቱ የሸህ ድመት ትጾማለች የሚለው ወሬ ከተማውን ሞላው።

ያላመነ ሁሉ ሥጋ እየያዘ መጣ። ለድመት ቁራጭ ሲወረውር ቢስሚላህ የሚል ሰው የለምና ሁሉም እያመነ ተመለሰ። አንዱ ለወባው ብሎ ከጭራዋ ጸጉር ነጨ፣ ሌላው ልጁን አምጥቶ ጀርባዋን አስዳሰሰ። ሸህ ነገሩ ሲሰማቸው ደነገጡና "ድመት ጾም የለባትም፤ ተዉ እባካችሁ" አሉ። ሕዝቡ ግን ይህን እንደ ትሕትና ቆጠረላቸው፤ ወልይ የሆነ ሰው መቼም ወልይ ነኝ አይልም ተባለ። ጭራሽ ተደብቀው ይበሉ የነበሩ ጎረምሶች ድመት በለጠችን ብለው መጾም ጀመሩ።

ሸህን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ጾመኛዋ ሻሼ በየቀኑ ትወፍራለች። ከዝሁር በፊት ደግሞ ከቤት ትጠፋለች። ሌባ ያሳደጉ መስሏቸው አንድ ቀን ተከተሏት። ሻሼ በሰላም ሰፈሩን አቋርጣ፣ በሙአዚኑ በይማም አጥር ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ሸህ በሩ ላይ ደርሰው ሰላምታ ሊያቀርቡ ሲሉ ከውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ "ቢስሚላህ" ሲል ሰሙ፤ ወዲያው ሻሼ ስታላምጥ ተሰማቸው። ይማም ገርበብ ባለው በር ሸህን ሲያዩ የገንፎ ሳህናቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ይማም ከተማውን ሁሉ በአዛናቸው የሚያስፈጥሩ ሰው ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ቁስል ነበረባቸው፤ ባዶ ሆዳቸውን ከዋሉ ደም ይተፋሉ። ለታመመ ሰው መብላት እንደተፈቀደ ከሸህ የተማሩት ራሳቸው ናቸው። ሆኖም አፈሩ።

"ሸህ፣ ሕዝቡ ጾሙን የሚፈታው በእኔ ድምፅ ነው። እንደምበላ ቢያውቁ በምን ፊቴ ሚናራው ላይ እወጣለሁ?"

"እኔ ድመቴን ፍለጋ መጣሁ፤ ያየሁትም ድመቴን ነው" አሉ ሸህ፤ ሻሼን ታቅፈው ወጡ። መንገድ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላቸውና ብቻቸውን ሳቁ። ሻሼ ያቺን የቢስሚላህ ቃል ትጠብቅ ነበር እንጂ አልጾመችም፤ ቃሉን የሚናገርላት ቤትም አግኝታለች። ይማምን ሳይነኩ ይህን በጁሙዓ ኹጥባ ሊያስረዱ ወሰኑ።

ጁሙዓ ሳይደርስ ግን ሐጂ ሱሩር ደረሱ። ሐጂ ሱሩር የድመቷን ዜና በመንገድ የሰሙ ባለጸጋ የጨው ነጋዴ ሲሆኑ፣ ነገሩን በዓይናቸው ካዩ የመስጊዱን ጣሪያ በጥድ እንጨት እንደ አዲስ ሊያሠሩ በልባቸው ነይተው ነው የመጡት። ጣሪያው አርጅቶ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ጀማዓው የሰገደው አቡጀዴ ተከናንቦ ነው። ዝናቡም እየቀረበ ነበር። ከተማው እንዳለ የመስጊዱ ግቢ ውስጥ ፈሰሰ። ይማምም ከግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ሐጂ ሱሩር ትኩስ ጉበት አስመጥተው በቅጠል ላይ ከሻሼ ፊት አኖሩ። ሻሼ ጉበቱን አየች። ቁጭ አለች፣ ጭራዋን እግሯ ላይ ጠቀለለች፣ ምራቋን ዋጥ አድርጋ ሸህን ቀና ብላ አየች። "ሱብሓነላህ" የሚል ድምፅ በግቢው ውስጥ አለፈ። የሐጂ ሱሩር ዓይን እንባ አቀረረ። አንድ የመስጊድ ሽማግሌ ወደ ሸህ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ማንም ምንም አልጠየቀዎትም፣ ዝም ይበሉ ብቻ አሉ።

እውነታቸውን ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም። ሸህ ጣሪያውን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ ከዚያ ወደ ሻሼ ጎንበስ አሉ።

"ቢስሚላህ።"

ሻሼ ጉበቱ ላይ ዘላ ወደቀች። እያጉረመረመች፣ ቅጠሉን ጭምር እየቀደደች በላች፤ ለሚያያት ከተወለደች እህል የቀመሰች አትመስልም። የመጀመሪያዋ ጎረቤት ብቻ ተስፋ ሳትቆርጥ፣ ሸህ አስገደዷት እንጂ በፈቃዷ አላፈጠረችም እያለች ትከራከር ጀመር። ሸህም ድመቷን እንዴት እንዳሰለጠኗት ለሁሉም አስረዱ።

ሐጂ ሱሩር ፊታቸው ቀላ። "ታዲያ እንዲህ እስክትወፍር ቀን የምትበላው የት ነው?" አሉ።

"ሐጂ፣ የድመቴን ገመና ገልጬልዎታለሁ። የሰው ቤት ግን አይጠይቁኝ።"

ሐጂ ሱሩር በዚያው ቀን በቅሎአቸውን ጭነው ሄዱ። ጣሪያው ሳይሠራ ክረምቱ ገባ፤ ጀማዓው እንደ አምናው አቡጀዴውን ተከናነበ። እኚያ በሸህ ጆሮ ያንሾካሾኩት ሽማግሌ አንድ ጁሙዓ ከጢማቸው ላይ ውኃ እየጨመቁ፣ አንዲት ቢስሚላህ ይህን ያህል ታስከፍላለች ወይ ብለው አማረሩ። ሸህ ሙስባህም እንዲህ አሏቸው፦

"ጣሪያው ቢያፈስ የሚረጥበው ልብሳችን ነው።"

ወገኖቼ፣ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን እታዘባለሁ። እኛ ውሸት የምንለው ከአፍ የወጣውን ነው፤ አፋችንን ዘግተን የምንዋሸውን አንቆጥረውም። በዚያ ቀን ሸህ ዝም ቢሉ ኖሮ ሁሉም ደስ ብሎት ይመለስ ነበር፤ ምናልባት ዛሬ እኛም በዚያ ጣሪያ ሥር ድመቷን እያወደስን እንሰግድ ነበር። ስለ ወንድማቸው ስለ ይማም ሲጠየቁ ደግሞ ዝም አሉ፤ ዝምታው ያኔ ነበር ቦታው። የትኛው ቃል እንደሚነገርና የትኛው እንደሚሸፈን መለየት ለእኔ እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ እሳቸው ጉበት በፊቷ ከተቀመጠ ድመት ጋር ሆነው ለዩት። ወይዘሮ ሙሂባ በየረመዷኑ የማን ቤት ነበር እያሉ ይጠይቋቸው ነበር አሉ፤ አልነገሯቸውም። ወይዘሮዋ የሰሙት ሸህ በተቀበሩ ዕለት ነው፤ የነገራቸውም ይማም ነበሩ፣ በሕዝብ ፊት ቆመው፣ እያለቀሱ።