ፒርኖው፣ ፒንሳው እና የእኔ አፍ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የእኔ ተረት ላም የላትም፤ ያለቻት አንዲት የተራራ ሳይክል ናት። እሷም ብትሆን የእኔ አይደለችም፤ የባለቤቴ የትርንጎ ናት። እኔ ሳይክል ላይ ከወጣሁ ሳይክሉም እኔም እናዝናለን።

ትርንጎ እሁድ ጠዋት ደሴ ላይ ውድድር ነበራት። ዓመቱን ሙሉ ከሰፈራችን ዳገት ጋር ስትታገል የከረመችው ለዚች ቀን ነው። ቅዳሜ በአስር ሰዓት የሚሄደው የሚኒባስ ሹፌር ግን «የፊት ጎማዋ ካልተነቀለ አልጭናትም፤ ቦታ የለኝም» አላት። የፈለግነው እንግዲህ ይህችን ብቻ ነበር፤ አንዲት ጎማ ትነቀል። ጎማውን ከፊት ሹካው ጋር ሰንጎ የያዘው ፒርኖ የሚባለው፣ ጣት የሚያህል ብረት ነው። እሱ ከወጣ ጎማው ይወጣል።

«ሳይክል ሠሪው ጋ ልውሰዳት መሰለኝ» አለች ትርንጎ።

«ለዚህ? ተይው እባክሽ! እኔ እያለሁ?» አለ አፌ። አፌ እንዲህ ነው፤ እኔን ሳያማክር ይናገራል። እሷም አምናው ጓዟን ልትሸክፍ ገባች።

የፒርኖውን እጀታ ይዤ ብጠመዝዘው ቀጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ደነገጥኩ። ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ እጀታውን ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ በሌላው ጎን ዞሬ ብቅ ያለውን ጫፍ በፒንሳ ያዝኩና አዞርኩ፣ አዞርኩ፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ አዞርኩ። «ፒርኖ ሆይ፣ ውጣ!» አልኩት። «ፒንሳው አጥብቆ ካልነከሰኝ አልወጣም» አለኝ።

ፒንሳውን «ንከሰው» ስለው፣ «በምን ጥርሴ? ምስማር እያስነቀልክ ጨረስከው እኮ። ሞረድ ካልሳለኝ አልነክስም» አለኝ። ፒንሳ አልነክስም አለ፤ ፒርኖ አልወጣም አለ፤ ሚኒባሱ ደግሞ በአስር ሰዓት ይሄዳል።

ሞረድ ያለው ጎረቤታችን አናጺው ጋሽ ይመር ዘንድ ነው። «ጋሽ ይመር፣ እባክዎ ሞረድዎን ያውሱኝ» አልኳቸው። እሳቸው ከሚልጉት እንጨት ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ታረቀኝ፣ ልጄ፣ እኔ ዛሬ ለሰው የሚሆን ፊት የለኝም። እህሌ ወፍጮ ቤት አድሮ ቤት ውስጥ ዱቄት የሚባል የለም፤ ሴትየዋ አኩርፋለች። ዱቄቴን አምጣና ሞረዱን ውሰድ» አሉኝ። አናጺው አላውስም አሉ፤ ፒንሳ አልነክስም አለ፤ ፒርኖ አልወጣም አለ፤ ሚኒባሱ ደግሞ በአስር ሰዓት ይሄዳል።

ወፍጮ ቤት ስደርስ ባለቤቷ እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ተቀምጠው ዝንብ ይከላከላሉ። «እትዬ ዘይነባ፣ የጋሽ ይመርን እህል ይፍጩልኝ» ብላቸው፣ «በምኔ ልፍጨው? ቺንጊያው ተበጥሶብኝ ወፍጮው ቆሟል» አሉኝ። ቺንጊያ የሚሉት ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን የጎማ ቀበቶ ነው። ወፍጮ አልፈጭም አለ፤ አናጺው አላውስም አሉ፤ ፒንሳ አልነክስም አለ፤ ፒርኖ አልወጣም አለ፤ ሚኒባሱ ደግሞ በአስር ሰዓት ይሄዳል።

«ታዲያ ቺንጊያው የት ይገኛል?»

«አዲሱ ቺንጊያ ዳገቱ አናት ላይ፣ መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦልኛል። እኔ እንዳልወጣ ጉልበቴን ያመኛል። እንዲህ ያለውን የምታመጣልኝማ ያቺ የተባረከች ሚስትህ ነበረች፤ በሳይክሏ ሽው ብላ! ሳይክሏ ደህና ናት?»

ደህና ናት አልኩ። ምን ልበል? ዳገቱ ሥር ቆሜ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ቺንጊያ አልወርድም አለ፤ ወፍጮ አልፈጭም አለ፤ አናጺው አላውስም አሉ፤ ፒንሳ አልነክስም አለ፤ ፒርኖ አልወጣም አለ፤ ሚኒባሱ ደግሞ በአስር ሰዓት ይሄዳል።

እግሮቼን «በሉ እንሂድ» አልኳቸው። «አንሄድም! እኛ የለመድነው ከአልጋ እስከ ሶፋ ነው። ደግሞስ ጣጣውን ያመጣው አፍህ አይደለም? መጀመሪያ እሱ ለትርንጎ ‹አልቻልኩም› ይበላት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

«አፌ ሆይ፣ አልቻልኩም በል» አልኩት። «ሌላ የፈለግከውን ልናገር። ብረቱ የማይረባ ነው ልበል፣ ሹፌሩ ክፉ ነው ልበል። ያቺን ቃል ግን አልናገርም» አለ። አፍ አልናገርም አለ፤ እግር አልሄድም አለ፤ ቺንጊያ አልወርድም አለ፤ ወፍጮ አልፈጭም አለ፤ አናጺው አላውስም አሉ፤ ፒንሳ አልነክስም አለ፤ ፒርኖ አልወጣም አለ፤ ሚኒባሱ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ በአስር ሰዓት ይሄዳል።

ይሄኔ ትርንጎ ሻንጣዋን በጀርባዋ አዝላ ቁልቁል መጣች። ስትፈልገኝ ኖሯል። ፒንሳ ጨብጬ ዳገት ሥር መገተሬን አየች።

«ወጣልህ?» አለችኝ። ዓይኗ ፈርቷል። ዓመቱን ሙሉ በላብ የወጣችው ዳገት እዚያው ከፊታችን ነበር።

«አልቻልኩም፣ ትርንጎዬ» አለ አፌ። እጀታውንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ የሞረዱን፣ የዱቄቱንና የቺንጊያውን ጣጣም ነገርኳት።

እጀታውን አገላብጣ አየችው። «እና በምን በኩል ነበር የምታዞረው?»

«በሌላው ጎን ሆኜ... እንዲህ» ብዬ በእጄ አሳየኋት።

ጭንቅላቷን ያዘች። «አንተ! በዚያ በኩል ስትሆን እኮ የሚፈታው በተቃራኒው ሲዞር ነው! ከጠዋት ጀምሮ ስታጠብቀው ነው የዋልከው!» ብላ መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ ሳቋ መጣ። «በል አሁንማ ጥርስ ያለው ፒንሳ ካልሆነ አይላቀቅም። ሂድ ቺንጊያውን አምጣ። የእኔ እግር ለነገ ነው፤ ዛሬ ያንተ ይሥራ።»

አፍ አልቻልኩም ቢል እግር ሄደ፤ በየድንጋዩ እየተቀመጠ ቢሆንም ሄደ። እግር ቢሄድ ቺንጊያ ወረደ፤ ቺንጊያ ቢወርድ ወፍጮ ፈጨ፤ ወፍጮ ቢፈጭ አናጺው ሞረድ አዋሱ፤ ሞረድ ቢስለው ፒንሳ ነከሰ፤ ፒንሳ ቢነክስ ፒርኖ ወጣ። ያዞረችው ትርንጎ ናት፤ እኔ እጄን ኪሴ እንድከት ተነግሮኛል። ጎማው ተነቀለ፤ ሚኒባሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ደረሰች። ፒንሳውንም ይዛው ሄደች።

እሁድ ማታ አቧራ ለብሳ ከሚኒባሱ ሳትወርድ «ሁለተኛ! ሁለተኛ ወጣሁ!» ብላ ጮኸች። በደስታ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ። ቤት ገብታ ሻይዋን እየጠጣች «አሁን እጀታው የተሰበረው ፒርኖ በአዲስ መቀየር አለበት» ከማለቷ አፌ ተከፈተ። «ለዚህ? ተይው፣ እኔ እያለ...»

እግሮቼ አላስጨረሱትም። ብድግ አድርገው፣ ሳይክሏን አስይዘው፣ ቀጥ ብለው ሳይክል ሠሪው በር ላይ አቆሙኝ።

ተረቴ ይህችው ናት። ስትመልሱልኝ ሞረዱንም ለጋሽ ይመር መልሱልኝ፤ እስካሁን እኔ ጋ ነው።