በዝምታ የተመረጠችው ፔዳል

አንድ ጊታር ተጫዋች ነበር። ስሙ ተካልኝ ነው። ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ውስጥ በሠርጉም በምረቃውም ይጫወታል። ጣቶቹ ፈጣን ናቸው፤ ከተማው ሁሉ የሚያመሰግነውም በዚሁ ነው። በአንድ ትንፋሽ ስንት ድምፅ እንደሚያወጣ እያዩ ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቁለታል። እሱም ይህንን ያውቃል።

በዚያው ከተማ እትዬ የሺመቤት የምትባል ዘፋኝ ትኖር ነበር። አምባሰል ስትዘፍን ወንበር የሚጎትት ሰው እንኳ አይገኝም ነበር ይባላል። ከጊዜ በኋላ «ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ» ብላ ከመድረክ ወረደች። ከተማው አዝኖ ተቀበላት። አንድ ቀን ግን የድሮው የቴአትር አዳራሽ ታድሶ ሊከፈት ሆነና አዘጋጆቹ ቤቷ ድረስ ሄደው ለመኗት። ብዙ አስለመነቻቸውና አንድ ዘፈን ብቻ ልትዘፍን እሺ አለች። ባንድ አልፈልግም አለች፤ አንድ ጊታር ይበቃኛል፣ ጊታሩም የተካልኝ ይሁን። ተካልኝ ገና ጀማሪ ሳለ ከእሷ ጋር ሲጫወት ክር ተበጥሶበት፣ ሳይደናገጥ በተረፉት ክሮች ዘፈኑን ጨርሶላት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ልጄ» ትለዋለች።

ተካልኝ በደስታ ሥራውን ጀመረ። ጊታሩን በጣቱ፣ እንደ ክራር ሊደረድረው አሰበ። ችግሩ፣ በጣት ሲጫወቱ አንዱ ድምፅ ዘሎ ይወጣል፣ ሌላው ይሰጥማል። ለዚህ መድኃኒቱ ኮምፕሬሰር የሚባለው ፔዳል ነው። በእግር የምትረገጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ናት፤ የጮኸውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ታደርጋለች። በአጭሩ ድምፆችን ታስታርቃለች።

የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጠው ነስሩ ሱቁ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት ነው። በአንድ ወገን ወያላዎች ይጣራሉ፣ በሌላው ወገን የብረት በር ይበየዳል። ተካልኝ ፔዳሎቹን እዚያ ሞከራቸው። የሞከራቸው ደግሞ ጊታር ተጫዋች ሁሉ ሱቅ ውስጥ እንደሚያደርገው ነው፤ ድምፁን እስከ ጥጉ ከፍቶ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚችለውን፣ በሚችለው ፍጥነት ሁሉ ተጫወተ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሰማው። ተካልኝም ብዙ ማዞሪያ ያላትን፣ ሰማያዊ መብራቷ የሚያምረውን መረጠና ይዟት ሄደ።

ልምምዱ በእትዬ የሺመቤት ሳሎን ተጀመረ። እሷ ወንበሯ ላይ ተደላድላ የመጀመሪያውን ስንኝ አወረደችው።

«ከማዶ ያለው ቤት ጭሱ ይታየኛል፣»

ከዚያ እንደ ልማዷ ዝም አለች። ያ ዝምታዋ በከተማው ሁሉ የታወቀ ነው። ተካልኝም የመጨረሻውን ድምፅ ለቀቀው። ድምፁ እየሳሳ ሄደ፤ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ተነሳ። እትዬ የሺመቤት ዓይኗን ገለጠች።

«ተካልኝ፣ ሽንኩርት የሚያቁላላው ማነው?»

«የት እትዬ?»

«እዚሁ ቤት ውስጥ። ሽሽሽ ይላል።»

«ፔዳሏ ናት እትዬ። ትንሽ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ አይሰማም።»

«እኔ ከሰማሁት ተሰምቷል።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፕሬሰር ከፍ የምታደርገው ድምፅ ስታጣ አርፋ አትቀመጥም፤ የራሷን ትንፋሽ ከፍ ታደርጋለች። ተካልኝ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አዞራቸው። ሽሽሽታው መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። እትዬ የሺመቤት እንደገና ጀመረች፣ እንደገና አቆመች፣ በመጨረሻ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

«ተወው ልጄ። አልዘፍንም። ሂድና ንገርልኝ።»

«እንዴ! በዚህች ሽሽሽ ምክንያት?»

እትዬ የሺመቤት ወደ በሩ አየት አደረገችና ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ልንገርህ፤ ለሰው ብትተነፍስ ግን ጆሮህን ነው የምቆርጠው፣ ሙያህም አብሮ ይቀራል። እኔ ጉሮሮዬ ደህና ነው። ግጥም ነው የሚጠፋኝ። በመሀል ዝም የምለው የሚቀጥለውን እየፈለግሁ ነው። ሰው ግን ጥበብ መሰለው! አንዱማ በሬዲዮ ‹የእሷ ዝምታ ራሱ ዘፈን ነው› ብሎ አሞገሰኝ። እኔ እኮ በዚያ ዝምታ ውስጥ ‹የፈጣሪ ያለህ፣ ቀጥሎ ምን ነበር?› እያልኩ ነበር።»

ተካልኝ ሳቀ። ከዚያ የእሷን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው።

«ታዲያ እንዴት ያገኙታል?»

«ዜማውን በውስጤ እሰማዋለሁ። ግጥሙ ዜማው ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣልኛል። ለዚህ ጭር ያለ ቦታ እፈልጋለሁ። የአንተ ሽሽሽ መጥቶ እዚያች ቦታ ላይ ይቀመጥባታል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ከሚጠፋኝ፣ ሳልወጣ ብቀር ይሻለኛል።»

ተካልኝ ከዚያ በኋላ ስለ ማዞሪያ አላወራም። በማግስቱ ተያይዘው ወደ ነስሩ ሱቅ ሄዱ።

ነስሩ ሲያያት ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ። «እትዬ የሺመቤት! ይግቡ፣ ይግቡ። ምን ልታዘዝ?»

«በሩን ዝጋልኝ።»

«ሱቅ እኮ ነው እትዬ! በጠራራ ፀሐይ?»

«ገበያህን አልቀማህም። ለአንድ ዘፈን ያህል ዝጋው።»

ነስሩ እያጉረመረመ ዘጋው። የወያላው ጩኸት ከበሩ ውጭ ቀረ። እትዬ የሺመቤት አንድ ትልቅ ስፒከር ላይ ተቀመጠችና ተካልኝን አዘዘችው። «ሰካው። አንድ ክር ንካና ተወው። ከዚያ እጅህን ሰብስብ።»

«ሳልጫወት እንዴት ይሞከራል እትዬ?»

«አንተን አውቅሃለሁ። የማላውቃት እሷን ነው።»

የመጀመሪያዋ ያቺው ሽንኩርት አቁላዪ ነበረች፤ ገና ስትረገጥ ታወቀች። ሁለተኛዋ ጥሩ ትመስል ነበር። ክሩ ሲነካ ጭጭ አለች፤ ድምፁ ሊያልቅ ሲል ግን ቀስ እያለች ከሥር ማጉረምረም ጀመረች።

«ይቺ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ የምታማ ናት» አለች እትዬ የሺመቤት። «መልሳት።»

ነስሩ ሌሎችም አወጣ። አንዷ ታፏጫለች፣ አንዷ ታንኮራፋለች። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት ግራጫ፣ ሁለት ማዞሪያ ብቻ ያላት፣ አቧራ የጠገበች ፔዳል አነሳና በእጀታው ጠረጋት። ተካልኝ ሰካት፣ ረገጣት፣ አንድ ክር ነካ። ድምፁ ክብ ሆኖ ወጣ፣ ረጋ ብሎ ቆየ፣ እየቀጠነ ሄደ፣ ሄደ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ከበሩ ውጭ ያለው የወያላ ጥሪ ብቻ ነው።

«በርታለች?» አለች እትዬ የሺመቤት።

«በርታለች፤ መብራቷን ይዩት።»

«ይቺን ውሰድ።»

ተካልኝ ትንሽ ቅር አለው። «ብዙ ከፍ አታደርግም እኮ እትዬ። ጣቴ ከሰነፈ አብራው ነው የምትሰንፈው።»

«እንግዲያው አትስነፍ።»

ነስሩ በሩን እየከፈተ ሳቀ። «ስንቱ ረግጧት ‹ምንም አይሰማም፣ ተበላሽታለች› እያለ መለሰልኝ መሰላችሁ! ፔዳል ሰምቶ የሚገዛ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ሌላው ራሱን ሰምቶ ነው የሚሄደው።» ሰማያዊ መብራት ያላትንም ተቀብሎ ያቺኑ ግራጫዋን ለወጠለት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ስለ ዕቃ ምርጫ የተሰጠ መልካም ምክር ይሆን ነበር። ግን አላለቀም።

በሚቀጥለው ልምምድ እትዬ የሺመቤት የመጀመሪያውን ስንኝ አወረደችና ዝም አለች። ፔዳሏም ዝም አለች። ሳሎኑ ጭር አለ። ያን ጊዜ የተካልኝ ጣቶች ብቻቸውን ተነሱ፤ ወጡ፣ ወረዱ፣ ተጠማዘዙ፣ ያችን ጭር ያለች ቦታ ከዳር እስከ ዳር ሞሏት። ጥሩ አጨዋወት ነበር። ሠርግ ቤት ቢሆን ይሸለምበታል።

እትዬ የሺመቤት እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ፔዳሏ ዝም አለች። አንተስ?»

«ባዶ እንዳይሆንብዎት ብዬ ነው እትዬ። ዘፋኝ ሲዘገይ መሸፈን የሙያችን ወግ ነው።»

«አውቃለሁ፤ የደግነት ነው። ስትሸፍኑኝ ግን ያኔ ነው ጭራሽ የምጠፋው። ደግሞም ባዶ አይደለም። እኔ አለሁበት።»

ተካልኝ እሷ ስትዘገይ ቦታውን የሚሞላው ለእሷ አዝኖ ይመስለው ነበር። አሁን ግን ነገሩ ገባው፤ ዝምታ የሚያስፈራው እሱ ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የተለማመደው መጫወትን አይደለም። እሷ ዝም ስትል እጁን ጊታሩ ላይ ጋደም አድርጎ፣ እንደ እሷ በውስጡ ዜማውን እየሰማ መጠበቅን ነው። ከለመዳቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ጣቱን ያሳመመው አልነበረም።

የምረቃው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እትዬ የሺመቤት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ተካልኝ ከኋላዋ ዱካ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ስንኝ አዳራሹን ያዘው።

«ከማዶ ያለው ቤት ጭሱ ይታየኛል፣»

ዝም አለች። ሰውም አብሯት ዝም አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት በእርካታ «አቤት!» አሉ በለሆሳስ።

ተካልኝ ጠበቀ። ዝምታው ከልምምዱ ረዘመ። አሁንም ረዘመ። የእትዬ የሺመቤት እጅ የነጠላዋን ጥለት ጨብጦ ሲጨምቅ ከኋላ አየው። ግጥሙ አልመጣም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ጥበብ እየጠጣ መስሎታል፤ አንዲት ሴት ግን በመሀከላቸው ቆማ እየጠፋች ነው፣ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

ጣቶቹ ሊነሱ ቃጣቸው። ጮክ ብሎ ቢሸፍናት ማንም አይፈርድበትም፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል፣ እሷም በጭብጨባው መሀል ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ከዚያም በኋላ አትዘፍንም። ይህን ሁሉ አሰበና አንድ ክር ብቻ ነካ። የሚቀጥለው ስንኝ የሚነሳበትን ድምፅ፣ ሕፃን እንዳይነቃ በር እንደሚገፋ ሰው፣ እጅግ ቀስ ብሎ። ግራጫዋ ፔዳል ያችን ትንሽ ድምፅ ተቀብላ ሳትጨምርባት፣ ሳትቀንስባት፣ ምንም ሳታስከትል እስከ እትዬ የሺመቤት ጆሮ አደረሰቻት። ድምፁ ቀጥኖ ሳያልቅ የጨበጠው እጅ ተፈታ።

«ሰው ይኑር አይኑር ግን ማን ይነግረኛል።»

ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ ራሱ መንገዱን ያውቅ ነበር።

ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እኚያ አዛውንት መድረኩ ሥር ድረስ መጥተው እትዬ የሺመቤትን «ያቺ ዝምታ! ያቺ ዝምታ!» እያሉ እጇን ሳሟት።

«የብቻዬ አይደለችም» አለች እሷ፤ በዓይኗ ተካልኝን ፈለገችው።

ተካልኝ ደግሞ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። አንድ ወዳጁ ትከሻውን መታ አደረገው። «ምነው ዛሬ ብዙም አልተጫወትክ? አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ» አለ ተካልኝ። ግራጫዋን ፔዳል በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

ይህ ታሪክ የሚነግረን ቀላል ነገር ነው፤ መፈጸሙ ግን ቀላል አይደለም። የምንወደው ሰው ሲደክም ልናነሳው እንጣደፋለን። ስናነሳው ግን ብዙ ጊዜ አብረን የራሳችንን ድምፅ እናነሳለን፤ ምክራችንን፣ ታሪካችንን፣ ‹እኔ ብሆን› የሚለውን ሁሉ። ልባችን ቅን ነው። የደከመው ሰው ግን በእኛ ሽሽሽታ ውስጥ የራሱን ቃል መፈለግ አይችልም። እውነተኛ አጋዥ የሚለየው ሲጫወት ሳይሆን እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ ነው፤ ቦታውን አይሞላም፣ ሽሽሽ አይልም፣ አንዲት ድምፅ ስታስፈልግ ያቺን ብቻ ያቀብላል፤ ሰውየው ከማዶ ያለው ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን የሚያውቀውም በዚያች ድምፅ ነው።

እስቲ አሁን አንተም፣ አንቺም አስቡት። ልታግዙት አጠገቡ የተቀመጣችሁለት ሰው ለአፍታ ዝም ሲል፣ ከእናንተ በኩል የሚሰማው ምንድን ነው?