የኤሊዋ ቃል በቀበሮ አፍ

አንድ ጊዜ፣ አሸዋና ጨው በሚገናኙበት ሞቃት የባሕር ዳርቻ፣ አንዲት አህያ እንጨት ታመላልስ ነበር። እንጨቱ የሚቆረጠው ሥሩን ጨዋማ ውኃ ውስጥ ነክሮ ከሚያድገው ከማንግሮቭ ጫካ ነው። እሷ ተሸክማ ለአያ ጅቦ ታደርሳለች፤ አያ ጅቦ ያከስለዋል፤ በከሰሉ ንጉሡ አንበሳ የሚበላው ሥጋ ይጠበሳል። ከጥብሱ አጥንቱ ለጅቡ፣ ለስላሳው ለቀበሮ፣ ቅንጥብጣቢው ለሸንጎው ይደርሳል። ለአህያዋ የሚደርሳት ልምጭ ነው።

በዓመት አንድ ቀን ግን ሌላ ጭነት ነበራት። እመት ኤሊ የባሕሩን ጤና እንድትመረምር ንጉሡ ራሱ የሾማት ናት። ዓመቱን ሙሉ እየጠለቀች የውኃውን ሙቀት ትለካለች፣ ዓሦቹ ወዴት እንደሚሰደዱ ትከታተላለች፣ ከባሕሩ ሥር የሚያድገውን ኮራል እየዳሰሰች ታያለች። የሸንጎው ቀን ሲደርስ በየብስ መሄድ ስለሚከብዳት አህያዋ በጀርባዋ ታደርሳታለች።

«ዘንድሮስ እንዴት ነው እመት ኤሊ?» አለች አህያዋ መንገድ ላይ።

«ባትጠይቂኝ ይሻላል። ኮራሉ ነጥቷል።»

«መንጣትማ ደግ አይደል እንዴ?»

«አጥንትም ይነጣል፤ ሥጋው ካለቀ በኋላ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ነፍስ ያለው ነገር ነው። ውኃው ሲግል ይታመማል፣ ይነጣል፣ ይሞታል። እሱን ተጠግተው የሚኖሩት ዓሦች ቤታቸው ፈርሶ ተበትነዋል።»

«ውኃውን ማን አጋለው?»

«የከሰሉ ጭስ ሰማዩ ላይ እንደ ጋቢ ተደርቦ ሙቀቱን አላስወጣ ብሏል። የእኛ ብቻ አይደለም፤ በየዳርቻው የሚያከስል ጅብ አለ። አሸዋውም ጥላ የሚሆነው ዛፍ ተቆርጦበት ነደደ። እንቁላሌን እዚያው ቀብሬያለሁ።»

«ታዲያ ሙቀት ለእንቁላል ጥሩ አይደለም?»

«ልክ ሲያልፍ የሚፈለፈለው ሁሉ ሴት ይሆናል። ዓምናም፣ ካቻምናም አንድ ወንድ ልጅ አላየሁም። ለልጆቼ ባል ከየት ይመጣል? እሳቱ አሁን ካልጠፋ ዘሬ በእኔ ልጆች ያበቃል።»

አህያዋ ዞር ብላ ራሷን አየች። በጎኗ ላይ የተለጠፈው ጥላሸት የዚያው ከሰል ነበር።

ሸንጎው ደረሱ። በዚያ አገር ወግ ከውኃ የወጣ ፍጡር በንጉሥ ፊት ራሱ አይናገርም፤ በየብስ የሚኖር አንዱ ቃሉን ተቀብሎ ያደርስለታል። ቃል አድራሹ ቀበሮ ነው። ኤሊዋ በጆሮው እንዲህ አለችው፦

«ኮራሉ እየሞተ ነው፤ የገደለው የከሰሉ ጭስ ነው፤ እሳቱ ዛሬውኑ ይጥፋ በልልኝ።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንጉሥ ሆይ፣ ባሕሩ ዘንድሮ ሞቅ ብሏል። ኮራሉም እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሷል። ምክንያቱ ገና ስላልተጣራ፣ እመት ኤሊ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ትላለች።»

«የባሕር መሞቅ እኔን ምን አገባኝ?» አለ አያ ጅቦ ከፍሙ አጠገብ ሆኖ። «እኔ ዋና አልችልም።»

«ድንቅ ሥራ ነው» አለ አንበሳ። «አበባ አጥልቁላት። ጥናቱ ይቀጥል፤ እስከዚያው ሥጋው ይዙር። የሚቃወም አለ?»

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ በየዓመቱም የሚመልስ የለም። አህያዋም የየብስ እንስሳ ናት፤ መናገር ትችል ነበር። ያለፉትን ዓመታት ሁሉ እዚሁ ቆማ፣ ይህንኑ ሰምታ፣ አንገቷን ደፍታ ተመልሳለች። አሁን ኤሊዋን አየቻት፤ አበባው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፏን ከፍታ፣ ድምፅ ሳይወጣት። የአህያዋ ደም ፈላ። ቀበሮው በደንብ ሰምቷል። አንበሳውም ያውቃል። ያላወቀ ቢኖር ጅቡ ነው፤ እሱም ቢነገረው የሚገደው አይደለም።

«አለ» አለች። «ቀበሮ ዋሽቷል። እሷ ያለችው እሳቱ ይጥፋ ነው።»

«አህያ ደግሞ መቼ ባሕር ገባች?» አለ ቀበሮ፤ ሸንጎው ሳቀ።

አንበሳ ግን አልሳቀም። «ከባድ ነገር ነው የተናገረችው» አለ። «አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም። አያ ጅቦ ሰብሳቢ፣ ቀበሮ ጸሐፊ ይሁኑ። በሚቀጥለው ዓመት ውጤቱን እንሰማለን።»

ሸንጎው አጨበጨበ። አያ ጅቦ ስለተሾመ ደስ ብሎት ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ያኔ ነው አህያዋ ቃል ብቻውን እዚህ ቤት ዋጋ እንደሌለው የገባት።

በማግስቱ አያ ጅቦ እንጨቱን ሲጭናት ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። በልምጭ ገረፋት፤ አልተነሣችም። በእግሩ ረገጣት፤ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም።

«ተነሽ እንጂ አንቺ! ንጉሡ ሊበላ ነው።»

«እንጨቱ ይኸው። ጀርባ አንተም አለህ፤ ተሸከመው።»

አያ ጅቦ ነገሩ እውነት መሰለው። እንጨቱን ጀርባው ላይ ጫነ፤ የጅብ ጀርባ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ነውና ጭነቱ ተንሸራቶ ጅራቱ ላይ ወደቀ። ደግሞ ጫነ፤ ደግሞ ወደቀ። ሲያነሣና ሲጥል ዋለ፤ ከሰሉ የሚከሰልበት ጉድጓድ ውስጥ የነበረው ፍም አመድ ለበሰ፤ ከዚያም ጠፋ።

ጥብስ የቀረበት አንበሳ እያገሣ መጣ፤ ቀበሮም ከኋላው።

«ብበላሽስ?» አለ አንበሳ።

አህያዋ ፈርታ ነበር። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። «ብላኝ» አለች። «የምትበላኝ ግን ጥሬዬን ነው። ከእኔ በኋላ እንጨት የሚያመላልስልህ የለም። ቀበሮ ይሸከምልህ እንደሆነ ጠይቀው።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ ወገቡን ያዘ። «ንጉሥ ሆይ፣ እኔን እንኳ ከልጅነቴ ጀምሮ ወገቤን ያመኛል።»

አንበሳ የጠፋውን ፍም አየ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ተመለሰ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ጥሬ ሥጋ በላ። ሲበላ ላየው ምንም የጎደለበት አይመስልም። የማንግሮቭ ጫካ ሊያልቅ የቀረበው ለዚህች የምላስ ጣዕም ነበር።

እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ አህያዋ ኤሊዋ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ግልገሎቹ አሸዋውን እየፈነቀሉ ወጡ፣ እየተንፏቀቁም ወደ ውኃው ሮጡ።

«ወንድ አለ?» አለች አህያዋ።

«የለም» አለች ኤሊዋ። «ሁሉም ሴቶች ናቸው። አሸዋው ገና አልበረደም።»

«ዓምና አልሸከምም ብዬ ተኝቼ ቢሆን ኖሮስ?»

ኤሊዋ ልታጽናናት አልፈለገችም። «ዓምና ተኝተሽ ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ወንድም ይኖራቸው ነበር» አለችና ልጆቿን ተከትላ ውኃው ውስጥ ገባች። ማዶ ባሉት ዳርቻዎች ላይ የሌሎች ጅቦች ጭስ አሁንም ይታያል። አህያዋ የተለጠፈባትን ጥላሸት ሳታራግፍ፣ በዚያ ያሉትን አህዮች ልታነጋግር መንገድ ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ እያወቁ ለሚያጠፉ ሰዎች ሌላ ጥናት ሌላ የማጥፊያ ጊዜ እንደሚሆናቸው፣ እሳታቸውም የሚጠፋው እንጨቱን ተሸክመን የምናቀርብላቸው እኛ አንሸከምም ያልን ዕለት መሆኑን ነው።