አህያዋ ያሸተተችው ጠጅ

አንድ ጊዜ ቀበሮ ጠጅ ጣለችና አህያን ጠራቻት። አህያም እኔንም የሚጠራኝ ተገኘ ብላ ደስ እያላት ሄደች። ጎጆው ውስጥ እግሯን ስታስገባ ግን ጆሮዋ ቀጥ አለ። አያ ጅቦ መደቡ ላይ ተንፈላሶ ተቀምጧል!

«ግቢ እንጂ የኔ እህት! ምነው ደነገጥሽ?» አለች ቀበሮ፣ በሩን ከኋላዋ እየዘጋች።

«እኔ እንደሁ ሥጋ ትቻለሁ። አሁን ጠጅ ብቻ ነኝ» አለ አያ ጅቦ። ዓይኑ ግን ከአህያዋ ጭን ላይ አልነሳ አለ።

አህያዋ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለች።

ቀበሮ ለጅቡ ከፊቱ ካለው ጋን ቀዳችለት። የአህያዋን ብርሌ ግን ከጓዳ ሞልታ አመጣችው።

«በይ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨልጪው! ጠጅ እንደሱ ነው የሚጠጣው።»

አህያዋ የእናቷ ምክር ትዝ አላት፤ ጠጅ መጀመሪያ በዓይን ነው፣ ከዚያ በአፍንጫ፣ ምላስ መጨረሻ ይደርሳል። ብርሌውን ወደ ብርሃን አነሳችው። የጅቡ ጠጅ ጥርት ያለ ቢጫ ነው፤ የሷ ድፍርስ። አሸተተችው። ማሩም ጌሾውም የለም፣ የሆነ የሚከረፋ ቅጠል ነው።

«እመት ቀበሮ፣ የምትቀዳ ሴት መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ የለ? እስቲ ቅመሺልኝ።»

«እኔን ሆዴን አሞኛል። ወይ ጉድ! አህያ ማር አይጥማት ሲሉ ለካ እውነታቸውን ነው!»

አያ ጅቦ እየተንከባለለ ሳቀ። አህያዋ አፈረች። ብርሌውን ወደ አፏ አስጠጋችው። አፍንጫዋ ግን እንደገና «ተይ!» አላት።

«እንግዲህ አይጥመኝም» ብላ አስቀመጠችው። «ማር አይጥማትም ተብዬ ቤቴ ብገባ ይሻለኛል።»

«ካልጣማትማ ምን ያደርግላታል!» ብሎ አያ ጅቦ ብርሌውን አፈፍ አድርጎ ገለበጠው።

«ተው አንተ ሆዳም! የሷ እኮ ነው!» ጮኸች ቀበሮ።

ምን ዋጋ አለው! የጅቡ ዓይን እየተከደነ አፉ መለፍለፍ ጀመረ። «ቀበሮዬ... ቅጠሉ ሲመር! እሷ ስትተኛ ጭኗ ላንተ፣ ጉበቷ ለኔ ብለሽኝ የለ? ታዲያ እንቅልፉ ለምን ወደ እኔ መጣ?»

ቀበሮ አፉን ልታፍነው ስትሮጥ፣ አህያዋ ዞር ብላ በሩን በኋላ እግሯ አቀመሰችው። በሩ ተገነጠለ። ወደ ኋላ እንኳ ሳታይ በረረች።

አያ ጅቦ ሲነቃ ሆዱ ባዶ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ከቀበሮ በቀር ማንም የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ የቀዳው ሰው ራሱ ያልቀመሰውን ጠጅ፣ የፈለጉትን ስም ቢያወጡልንም እንኳ፣ አይተንና አሽትተን መተው ነውር አለመሆኑን ነው።