የሾላው ሥር ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጀልባ ነበረው፤ «የት ዋልህ?» የሚለው ሰው ግን አልነበረውም።

ይህን ያሉት አያ ዳምጤ ናቸው። ይበልጣል የተባለ ጎልማሳ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ አዲስ ጀልባ ገዝቶ ዕቃውን ሁሉ በፊታቸው ደረደረና «አያ፣ ውኃ ላይ ስወጣ እንዳልሞት ከዚህ ሌላ ምን ይጎድለኛል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው አርባ ዓመት የቀዘፉ ናቸው። ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሡ አዩ፣ መልሰው አስቀመጡት፣ ከዚያም ወደ ሰውየው ነገር ገቡ።

ያ ሰው ዓሣ አጥማጅ ነበር። በሚኖርበት ዳርቻ አንድ ልማድ አለ። ውኃ ላይ የሚወጣ ሁሉ በሾላው ዛፍ ሥር የራሱን ድንጋይ ያኖራል። የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሲመለስ ከቤቱ ሰው አንዱ ወርዶ ያነሣለታል፤ አጥማጁማ መረቡንና ዓሣውን ታቅፎ በየትኛው እጁ ያንሣው? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሾላው ሥር የቀረ ድንጋይ ካለ አንድ ሰው ውኃ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጀልባ ያለው ሁሉ ይወጣል። የተኳረፈም ይወጣል፣ የደከመም ይወጣል።

የዚህ ሰው ድንጋይ ጠፍጣፋ ነው፤ መካከሉ ላይ ነጭ መስመር አለው። ልጅ ስላልነበራቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ድንጋዩን ታነሣ የነበረችው ሚስቱ ናት። ጠዋት ጠዋት «ለስንት ሰዓት ልጠብቅህ?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ዓሣው ቀጠሮ ሰጥቶኛል እንዴ!» እያለ ይነጫነጫል። ጠያቂ ያለው ሰው መጠየቅ ይሰለቸዋል። ሁላችንም እንዲሁ ነን።

ሚስቱ ታመመችና ሞተች። አርባዋ በወጣ ማግስት ሰውየው እንደ ወትሮው ድንጋዩን አኑሮ ወጣ። ሲመለስ አስተዛዛኝ ላለማየት ብሎ ጀልባውን በዳርቻው ከበቀለው ደንገል ጀርባ አሰረ፣ ቤቱ ገባ፣ በሩን ዘግቶ ተኛ። ድንጋዩን የሚያነሣለት እንደሌለ ረሳው። ሰዎቹ ድንጋዩን አይተው በሩን አንኳኩ። እሱ ግን ለለቅሶ የመጡ መሰሉትና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ዝም አለ። በነፋስና በማዕበል ውስጥ ሲፈልጉት አመሹ። የቅርብ ጎረቤቱ መቅዘፊያው ተሰበረ፤ እሱ ራሱ ለጥቂት ተረፈ።

በማግስቱ ያ ጎረቤት ሰውየውን በደኅና ቆሞ ሲያየው ደሙ ፈላ። ከሾላው ሥር፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ሚስትህ ሞተች ብለህ እኛንም ልትጨምረን ነው?» አለው።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ አይመለስም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣና ወደ ሐይቁ ወረወረው። «ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ ማንም እንዳይወጣ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በሾላው በኩል አላለፈም። ከደንገሉ ጀርባ ይወጣል፣ ከደንገሉ ጀርባ ይገባል። ግን ሞኝ አልነበረም፤ ለነፍሱ ይጠነቀቅ ነበር። ከተማ ወርዶ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ብርቱካንማ ጃኬት ገዛ፤ እንደ ብዙዎቻችንም አጥፎ አልተቀመጠበትም፣ ለበሰው። ፊሽካ በአንገቱ አሰረ። ትርፍ መቅዘፊያ፣ ረጅም ገመድ፣ ውኃ መቅጃ ጣሳ በሲባጎ ከጀልባው ጋር የታሰረ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሞባይል፣ ሁሉ ነበረው። ዕቃው ሲበዛ ሰው የማያስፈልገው መሰለው። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከዓሣ ገዢው በቀር ስሙን የጠራው ሰው አልነበረም። እሱም ሌላ ሰው አልጠራም።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። አንድ ቀን ጠዋቱ እንደ መስተዋት ጸጥ ያለ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ። መረቡ ከሥር ተያዘበትና ሰውየው ሊጎትተው ብድግ አለ። ትንሽ ጀልባ ላይ ብድግ አይባልም፤ አርባ ዓመት የቀዘፈም ቢሆን አይባልም። ጀልባዋ ተገለበጠች።

ጃኬቱ ሥራውን ሠራ፤ አልሰጠመም። ዋናተኛ ነኝ ብሎም ወደ ዳር ለመዋኘት አልሞከረም፤ የተገለበጠችውን ጀልባውን ሙጭጭ ብሎ ያዘ። ልክ ነው፤ ጀልባ ከሰው ራስ ይልቅ ከሩቅ ትታያለች። ፊሽካውን ነፋ። ነፋሱ ድምፁን ወደ ሐይቁ መካከል ይዞት ሄደ። ሞባይሉን በፌስታሉ ውስጥ ውኃ አልነካውም ነበር። ግን ፈትቶ ለማን ይደውል? በስልኩ ውስጥ የነበረው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሟች ሚስቱ።

ያን ጊዜ ነበር የገባው። በዳር ላሉት ሰዎች እሱ ቤቱ ነው። በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ነገም ተኝቷል፣ ከነገ ወዲያም ተኝቷል። ቢሞት እንኳ ለብዙ ቀን ማንም ሳያውቅ ይሞታል። ከውኃው ብርድ ይልቅ ይህ ሐሳብ አንቀጠቀጠው። «ለስንት ሰዓት ልጠብቅህ?» የሚለው ድምፅ በጆሮው መጣበትና አለቀሰ። አሁን ቢጠየቅ ሰዓቱን ከነደቂቃው ይናገር ነበር።

ፀሐይዋ ውኃውን ልትነካ ስትል ከወደ ዳር አራት ጀልባዎች ብቅ አሉ። ሰውየው ዓይኑን አላመነም። ፊሽካውን በቀረው ትንፋሽ ሁሉ ነፋው፤ አሁን የሚሰማው ቅርብ ነበር። ከፊት የሚቀዝፈው ያ ጎረቤቱ ነው። ጀልባውን አስጠግቶ ከጃኬቱ አንገትጌ ይዞ ጎተተውና ጋቢውን አለበሰው።

ሰውየው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ማን ነገራችሁ?» አለ።

«ድንጋይህ።»

«እኔ ድንጋይ አላኖርሁም።»

«አውቃለሁ» አለ ጎረቤቱ፣ ፊቱን ወደ መቅዘፊያው መልሶ።

ከሾላው ሥር ሲደርሱ ሰውየው አየው፤ ጠፍጣፋ፣ መካከሉ ላይ ነጭ መስመር ያለው። ጎረቤቱ በዚያ በክፉው ቀን ልብሱን ሰብስቦ ውኃው ውስጥ ገብቶ አውጥቶት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደጁ ሆኖ የሰውየው ጀልባ ከደንገሉ ስትወጣ ሲያይ ወርዶ ያኖረዋል፤ ስትገባ ሲያይ ወርዶ ያነሣዋል። መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያላወቀው ባለ ድንጋዩ ብቻ ነው።

ጎረቤቱ «በል አንሣው፤ ገብተሃል» አለው። ሰውየው ጎንበስ አለ፣ ድንጋዩን አነሣ፣ በሰው ፊት ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

አያ ዳምጤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ከተደረደረው ዕቃ መካከል ብርቱካንማውን ጃኬት አነሡና ይበልጣል ጭን ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ አንተም ያንን ሰው ትመስላለህ። ዕቃህ ጥሩ ነው፤ አንዱንም ትተህ እንዳትወጣ። ግን ይህ ሁሉ የመቆያ ዕቃ ነው። ጃኬቱ የሚያቆይህ እስኪመጡልህ ነው፤ ፊሽካውም የሚጠቅምህ የሚፈልግህ ካለ ነው። ማንም እንደወጣህ ካላወቀ ጃኬቱ ምን ይጠብቅልህ? ያ ሰው ሳይለምን ተሰጠው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ለሁሉ አይደርስም፤ አንተ አፍህን ከፍተህ ለምን። እዚህ ከመጣህ የማንን ደጅ ረገጥህ? በየማለዳው ለአንድ ሰው ‹ወደዚህ ሄጃለሁ፣ በዚህ ሰዓት ካልመጣሁ ፈልጉኝ› በል። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ስትመለስ ደግሞ መመለስህን ሳትናገር በርህን አትዝጋ።»

ይበልጣል አንገቱን ደፋ። «አያ፣ እኔ እኮ እዚህ የምነግረው ሰው የለኝም» አለ።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ወደ ጎን አደረጉና ከእግራቸው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥተው በእጁ አስጨበጡት።

«እንግዲያ ንገረኝ» አሉት። «ነገ ለስንት ሰዓት ልጠብቅህ?»