ሞቃ የምትመጣ መኪና

አንድ ሾፌር በአንዲት የደጋ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አያልነህ ነው፤ በአሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ከገበሬው ማሳ ድንች እየጫነ ገበያ ያደርሳል። አገሩ ብርድ ነው። ህዳር ሲገባ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ መኪናዋም ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች።

ለዚህ ግን መላ ተበጅቶለታል። ባለቤቱ ውብአንቺ ንጋት ላይ ውሃ ታፈላለች፤ እሱ የፈላውን ሞተሩ ላይ ያፈሳል። ከዚያ አምስት ስድስት ጎረቤት ጋቢውን እንደለበሰ ወጥቶ ይገፋል። በዚያ ሰፈር መኪና መግፋት እንደ እድር ነው፤ የቀረ ይታማል። መኪናዋ ነጭ ጭስ እየተፋችና እየተንቀጠቀጠች እንደምንም ስትነሳ ሁሉም "እሰይ!" ብሎ ይበተናል።

ነገሩ ከሆነበት ህዳር በፊት፣ ሐምሌ ላይ የአያልነህና የውብአንቺ የመጀመሪያ ልጅ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ወዲህ የውብአንቺ ወሬ አነሰ። አያልነህ ማታ ሲገባ "ደህና ነሽ?" ይላታል፤ "ደህና ነኝ" ትለዋለች፤ እሱም ያምናታል። አንድ ሰኞ ማታ ግን "ቅዳሜ እናቴ ቤት አድርሰኝ" አለችው። "መቼ ልምጣ ልውሰድሽ?" ቢላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አያልነህ ልቡ ደነገጠ። ሚስቱን ይወዳታል፤ ምን ብሎ እንደሚያስቀራት ግን አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ፤ መኪናዋን ሊያሠራ ሄደ። አትሳቁበት። ስንቱ ወንድ ሲጨንቀው የሚጠግነው ነገር ነው የሚፈልገው።

አንዱ መካኒክ ባትሪ ቀየረላት። ሌላው ማስነሻ ሞተሪኖዋን አወረደ። ሦስተኛው አስነስቶ አያትና "ምንም የላትም" አለ። እውነትም ሦስት ሰዓት ላይ ጋራዥ ስትደርስ ምንም የላትም፤ ቁልፍ ሲነካ ትነሳለች። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ወንድይራድ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰዳት።

"መቼ ነው የምታስቸግርህ?" አሉት።

"ጠዋት ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ አሁን ለምን አመጣህልኝ? አሁንማ ሞቃለች። ሞቃ የመጣችን መኪና ሕመሟን ማን ያውቅላታል? ነገ ንጋት ላይ ቤትህ እመጣለሁ። እስክደርስ እንዳትነካት። ውሃ እንዳታፈሱባት፣ ጎረቤትም እንዳይገፋት። እንደበረዳት ልያት።"

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ መጡ። ለመግፋት የወጡትን ጎረቤቶች "ዛሬ መግፋት የለም" ብለው ሲመልሷቸው ቅር አላቸው። ሽማግሌው አያልነህን አንዴ ቁልፉን እንዲያዞር አዘዙት፤ መንቀጥቀጧን ሰሙ፣ ጭሷን አዩ። ከዚያ በሽቦና በትንሽ አምፖል የሞተሩን ዕቃዎች አንድ በአንድ ፈተሹ።

"የናፍጣ ሞተር ውስጥ በብርድ ጊዜ የሚያሞቁ ትንንሽ ካንዴላዎች አሉ፣ ልጄ። ከአራቱ ሦስቱ ተቃጥለዋል። አንዷ ብቻዋን የአራቱን ሥራ ስትሠራ ከርማለች። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ አይፈልጋቸውም፤ ለዚህ ነው ማንም ያላየው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እናንተ ደግሞ በፈላ ውሃና በግፊያ ስትሸሽጉላት ከረማችሁ።"

አያልነህ እየሳቀ ቀና ሲል ውብአንቺን በሩ ላይ አያት። ያን ቀን ውሃ ስላላፈላች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። በየቀኑ በዚህ ሰዓት እሱ ራሱን ኮፈኑ ሥር ስለሚቀብር ፊቷን ንጋት ላይ አይቶት አያውቅም ነበር። የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ ወደሷ ሄደ።

"ውቤ፣ ስታለቅሺ ነው ያደርሽው?"

"ሌሊቱንስ ተኝቻለሁ። ንጋት ላይ ነው የማለቅሰው፤ በየቀኑ። ልጃችን የተወለደው በዚህ ሰዓት አይደል?"

"ማታ ስጠይቅሽ ደህና ነኝ ትይኛለሽ እኮ።"

"ማታማ ደህና ነኝ" አለችው። "አንተ የምትጠይቀኝ ማታ ነዋ።"

አያልነህ አቀፋትና አብረው አለቀሱ። ከሐምሌ ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ደግ ሰው ናቸው፤ መሣሪያ የጠፋባቸው መስለው መኪናዋ ሥር ብዙ ቆዩ።

ካንዴላዎቿ ተቀይረውላት ቅዳሜ መኪናዋ ማንም ሳይገፋት ተነሳች። ውብአንቺም እናቷ ቤት ሄደች፤ አያልነህም ድንቹን ትቶ ሁለት ሌሊት አብሯት አደረ። ሁለቱንም ንጋት ቀድሟት ነቅቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ለልጃቸው ሊያወጡለት ስላሰቡት ስም ተጨዋወቱ። ሰኞ "ቤታችን እንሂድ" ያለችው እሷ ናት።

ወዳጆቼ፣ ሰውን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ሞቆ ነው። ታጥቦ፣ ለብሶ፣ "ደህና ነኝ" የምትለዋን ቃል አዘጋጅቶ ይመጣልናል፤ እኛም አይተን "ምንም የለበትም" እንላለን። ካዘነም "በርታ፣ እርሳው" ብለን ገፋ እናደርገውና እንደምንም ሲነሳ ደስ ብሎን እንበተናለን። መነሳቱን እንጂ መዳኑን አልጠየቅንም። የሰውን ሕመም ማወቅ የፈለገ በሚበርደው ሰዓት ሄዶ፣ ሳይቸኩል አጠገቡ መቆም አለበት።

እናንተ የምትወዱት ሰው የሚበርደው በስንት ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓትስ እናንተ የት ናችሁ?