አይጥ በንቦች ቤት

ተረት ስላችሁ የመሠረት በሉኝ፤ ውሸት ከገባበት ጥፋቱ የብርዱ ነው እንጂ የኔ አይደለም።

እሳት ራሱ የሚሞቀው እሳት አጥቶ ጎረቤት የወጣበት አንድ ክረምት ነበር። ንቦች እጮቻቸው በብርድ እንዳይሞቱባቸው ከዛፍ በለቀሙት ሙጫ የቀፏቸውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈኑ። ይህን ያየው አያ አይጥ፣ “እነዚህ ዝንቦች ቤቱን የሚያሞቁት ለኔ ካልሆነ ለማን ነው?” ብሎ አሰበ። በበር መግባት የድሃ ሥራ መሰለውና ግድግዳውን በጥርሱ ቦድሶ ገባ። ነፋሱም እንደ አሽከር ተከተለው። እዚያው ተጋድሞ ሦስት ጋን ማር ሲልስ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ።

አንዲት አሮጊት ንብ ቀርባ፣ “አያ አይጥ፣ ማሩንስ ብላው። በቀደድከው በኩል በሚገባው ነፋስ ግን ልጆቻችን ሊያልቁ ነው፤ እባክህ ውጣልንና እንድፈነው” አለችው።

“ወይ ድፍረት! እበት በተለቀለቀ ጎጆ እየኖርሽ እኔን ውጣ ትያለሽ? ልጆችሽ ከበረዳቸው ይጨፍሩ!” አላት።

አሮጊቷ ወደ እህቶቿ ዞረች። አርባ ሺህ እህቶቿም አንድ አንድ ጊዜ ነደፉትና አያ አይጥ እዚያው ክልትው አለ። ሬሳውን በቀዳዳው ጎትተው ሊጥሉት ሲሉ ያ ሆዱ አላልፍ ብሎ ተወተፈ። ቢስቡት አይወጣ፣ ቢገፉት አይመለስ። ቢቸግራቸው ከጢሙ እስከ ጭራው በሙጫ መረጉት። ነፋሱ ውጭ ቀረ፤ እጮቹም ተረፉ።

ዛሬ አዲስ የሚወለዱት ንቦች እሱን ተደግፈው እየሞቁ፣ “ይህን የመሰለ ደህና ግድግዳ የሠራ ባለሙያ ማን ይሆን?” ይላሉ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ከነማሩ ይሁንልኝ።